ደሴ ዳር የቆመ የእንጨት ቢሮ፦ ከባሕር ዛፉ እስከ መዝገብ ቤቱ

ከደሴ ወጥታችሁ የኩታበርን መንገድ ስትይዙ ከተማው ቀስ በቀስ ይሳሳል። ብሎኬቱና መስታወቱ ያልቅና የባሕር ዛፍ ማሳ ይጀምራል። እዚያ ተዳፋት ላይ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለራሱ ቢሮ ሠርቷል። ምድር ቤቱ ድንጋይ ነው። ከሱ በላይ ያሉት ሁለት ፎቆች ግን ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ወለሉና የጣሪያው ተሸካሚ ሁሉ እንጨት ነው። ንድፉን ከሠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ሕንፃውን ያየ ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አይቃጠልም ወይ? አይነቅዝም ወይ? እንዲህ እየተሠራ ጫካው አያልቅም ወይ? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ግን በአንድ ቃል አያልቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ወሎ ውስጥ የእንጨት ቢሮ መነደፍ ያለበት ከእንጨት መሰንጠቂያው ተነስቶ ነው። መሰንጠቂያው ምን ውፍረት ይሰጣል? ምን ርዝመት? ምን ያህል ደረቅ? ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

መሬቱ

ማኅበሩ መጀመሪያ ያሰበው የተለመደውን ነበር። ጂ ፕላስ ቱ፣ አርማታ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት። ለዚያ የሚሆን ንድፍም በእጁ ነበረው። ሐሳቡን ያስቀየረው መሬቱ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቷን ያውቃል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ተቀምጣለች። ክረምት ሲገባ የመሬት መንሸራተት ወሬ መስማት የተለመደ ነው። የእኛም ቦታ ከላይ ልል አፈር፣ ከሥሩ ድንጋይ ያለው ተዳፋት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከባድ ነገር መጫን ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡም አለ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከደሴ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን መንገድም ሰነጣጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የቀጠለው መንቀጥቀጥ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ለሁላችንም አሳይቷል።

መሬት ሲናወጥ ሕንፃውን የሚገፋው ኃይል ከሕንፃው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። አንድ ሜትር ኩብ የተጠናከረ አርማታ ከ2,400 እስከ 2,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የደረቀ የፈረንጅ ጽድ ግን ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። ላይኛዎቹን ሁለት ፎቆች በእንጨት ስናሰላ ተዳፋቱ ላይ የሚያርፈው ጭነት በጣም ወረደ። መሠረቱም ጠበበ። ቁፋሮው ሲቀንስ ተዳፋቱም ብዙ ሳይነካ ቀረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ያን ሒሳብ ካዩ በኋላ ስለ መስታወቱ ደግመው አላነሱም።

ዛፉ የት ይሄድ ነበር?

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ በደሴ ዙሪያ ያለ ገበሬ ልጅ ሊድር ሲል ይቆርጠዋል። ሕክምና ሲኖርበት ይቆርጠዋል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲሞላው አጠና ሆኖ ይሸጣል።

አጠናው የት እንደሚሄድ ማየት ከፈለጋችሁ ከተማ ውስጥ እየተሠራ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አጠገብ ቆም በሉ። ሶሌታውን ከሥር የደገፈው ባሕር ዛፍ ነው። ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫ ባሕር ዛፍ ነው። አርማታው የሚፈስበት ሣጥን ጣውላ ነው። ይህ ሁሉ እንጨት ጥቂት ጊዜ ያገለግልና ይሰባበራል። ከዚያ በማገዶነት ተሽጦ ይነዳል። ስለዚህ "አርማታ ዛፍ ያድናል" የሚለው ወሬ በእኛ አገር አይሠራም። ዛፉ ድሮም ይቆረጣል። ዋናው ጉዳይ ከተቆረጠ በኋላ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ነው።

የካርቦኑ ሒሳብም እዚህ ላይ ነው ያለው። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ካርቦን ነው። አንድ ሜትር ኩብ የፈረንጅ ጽድ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 700 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በተቃራኒው የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር አንድ ቶን ሲመረት 800 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ከዚህ የሚበዛው የሚወጣው ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ስለሆነ ነዳጅ በመቀየር ብቻ አይቀርም። እንጨቱ ግን ካርቦኑን የሚይዘው ሕንፃው እስከቆመ ድረስ ነው። ደግሞም በተቆረጠው ምትክ ሌላ ካልበቀለ ሒሳቡ ባዶ ነው። ይህን ለማኅበሩ አባላት ሳንደብቅ ነገርናቸው።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የፈረንጅ ጽድ ግን አያቆጠቁጥም፤ ካልተከላችሁት የለም። ስለዚህ ጽዱን ከሸጡልን አባላት ጋር የተደረገው ውል ውስጥ የችግኝ ተከላ ገባ። ሌላም ነገር ተስማምተዋል። ከባሕር ዛፋቸው ጥቂቱን በአጠናነት ሳይሸጡ ለጣውላ እስኪደርስ ያቆዩታል። ለገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጣውላ የሚሆን ዛፍ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የትምህርት ቤት ወጪ ደግሞ ዘንድሮ ነው የሚመጣው። ማኅበሩ ቁጠባና ብድር ስላለው ብቻ ነው ይህ የሚቻለው።

"ለምን በሐበሻ ጽድ አትሠሩትም? ምስጥ አይነካውም" ብለው የመከሩን ነበሩ። ስለ ምስጡ ልክ ናቸው። ነገር ግን የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ተጠቅሰው ተከልክለው ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ተተክቷል። ክልከላ ባይኖርም አልነካቸውም ነበር። ወሎ ውስጥ የሐበሻ ጽድ ዛሬ በደህና የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በደቡብ ወሎ እንዳለው የደንቆሮ ደን ባለ ጥብቅ ጫካ ነው። ያንን ቆርጦ አረንጓዴ ቢሮ ሠራሁ ማለት ያሳፍራል።

መሰንጠቂያው

ብዙ ጊዜ የወሰደብንና ብዙ ያስተማረን ይህ ክፍል ነው።

ባሕር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው። እርጥቡን ሲሰነጥቁት ጣውላው ከመጋዙ ሳይወጣ ይጎብጣል፤ ጫፉም ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጽድ ግን ረጋ ያለ ነው። ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ስለዚህ ሥራውን አከፋፈልናቸው። ቋሚና አግዳሚው የፈረንጅ ጽድ ሆነ። ባሕር ዛፉ በጠባብ በጠባቡ ተሰንጥቆና በደንብ ደርቆ ወለል ሆነ። ቀጫጭኑ አጠና ደግሞ ለጭቃው ግድግዳ ማገር ሆነ።

ከዚያ ማድረቅ መጣ። አናጢው የማኅበሩ አባል የሆኑ አንጋፋ ሰው ናቸው። ገበያ ላይ "ደረቅ ነው" ተብሎ የቀረበ ጣውላ አሳየኋቸው።

"ጋሼ፣ ይኼስ ደርቋል?"

ጣውላውን አንድ ጫፉን ከፍ አድርገው በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት። "አልደረቀም ልጄ። ስማው እስቲ፤ ድምፁ ገና ድፍን ነው።"

የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌ ሰካንበት። 28 በመቶ አለ። ለደሴ ደረቅ አየር፣ ለቢሮ ውስጥ የምንፈልገው ከ12 እስከ 15 በመቶ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን እንጨት የሚኮማተረው በትክክል በዚህ መሃል ነው። 20 ሳንቲ ስፋት ያለው ጣውላ በእርጥቡ ቢገጠም ሲደርቅ 5 ሚሊሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። ይህ በሁለት ፎቅ ሲደማመር በሩ አልዘጋ ይላል፣ መስኮቱ ይነክሳል፣ ቡሎኑ ይላላል። ብዙ ሰው "እንጨት ቤት አይረባም" የሚለው በእርጥብ እንጨት የተሠራ ቤት አይቶ ነው።

ማድረቂያ ምድጃ አልነበረንም። ጥላ ነበረን። መጀመሪያ ድንጋይ ደርድረን ከመሬት ከፍ አደረግነው። በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ በየ60 ሳንቲው አንድ ቀጭን ክፋይ፣ ከዚያ እንደገና ጣውላ። ክፋዮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ አለዚያ ጣውላው በመካከላቸው ይጎብጣል። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ከሌላ ሥራ በተረፈ የዘይት ቀለም ቀባናቸው። ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ካልተቀባ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ። ጎኑ ክፍት፤ የደሴ ንፋስ የቀረውን ይሠራል። ከጥቅምት እስከ በልግ ማብቂያ እንዲህ ቆየ።

አባላቱ ሆዳቸው አልቻለም። "ገንዘብ ወጥቶ እንጨት ተገዝቶ ለምን ይቀመጣል?" የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳ ነበር። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ የተቀመጠ እንጨት የታሰረ ገንዘብ ነው። መፍትሔው የሥራ ቅደም ተከተል ነበር። እንጨቱ በሚደርቅበት ጊዜ የድንጋዩ ምድር ቤት ተሠራ። ግንበኞቹ ሲጨርሱ እንጨቱም ደረሰ። የእንጨት ሕንፃ የሚያስብ ሁሉ እንጨቱን ከፈቃዱም ከመሠረቱም ቀድሞ እንዲገዛ እመክራለሁ።

ለነቀዙ የተጠቀምነው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውሃ የተበጠበጠ ነው። ጣውላው ገና እርጥብ እያለ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ መድኃኒቱ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ በሁለቱም ውስጥ ያለው ቦሮን በዝናብ ይታጠባል። ዝናብ በማያገኘው እንጨት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህም ራሱ ንድፉን ወሰነው።

ንድፉ

ሰዎች የኖርዌዩን ሚዮስቶርኔት ፎቶ እየላኩ "እንዲህ ያለ ሥሩልን" ይሉናል። ባለ 18 ፎቅ፣ 85.4 ሜትር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ድንቅ ሕንፃ ነው። የቆመው ግን ፋብሪካ ውስጥ በሙጫ በተጣበቁ ግዙፍ እንጨቶች ነው። ያንን በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በከባድ መኪና እስከ ደሴ ማምጣት ይቻላል። ዶላሩ ከተገኘ ማለት ነው። ከጓሮው ዛፍ እያለ ከባሕር ማዶ እንጨት ያስጫነ ሕንፃ ግን የኛን ጥያቄ አይመልስም።

እኛ የጀመርነው ከ4 ሜትር ነው። መሰንጠቂያው በምቾት የሚያወጣው ጣውላ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ጫፍ ጫፉ ሲስተካከልና መገጣጠሚያው ሲቀነስ 3.60 ሜትር ይቀራል። ያ 3.60 የቢሮው ክፍል ጥልቀት ሆነ። በሁለቱ ረድፍ ክፍሎች መሃል 1.80 ሜትር ኮሪደር አለ። የሕንፃው ወርድ በጠቅላላ 9 ሜትር መጣ። ጠባብ ሕንፃ መሆኑ በጀን። ብርሃን ከሁለቱም በኩል ይገባል፤ ንፋስ ከመስኮት ወደ መስኮት ያልፋል፤ ቀን መብራት የሚያበራ የለም።

ቋሚዎቹን በየ1.80 ሜትሩ አቆምናቸው። ጥቂት ወፍራም ከማቆም ብዙ መካከለኛ ማቆም ይሻላል፤ ወፍራም እንጨት መሃሉ አይደርቅም። እያንዳንዱ ቋሚ ከሦስት ጣውላ የተጣመረ ነው፤ በየግሉ የደረቀ ጣውላ። አግዳሚዎቹ ጥንድ ሆነው ቋሚውን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። ማያያዣው ሙጫ የለውም፤ ቡሎንና ሰፊ የብረት ሳህን ነው። አንድ አግዳሚ ቢበላሽ ማንኛውም አናጢ ቡሎኑን ፈትቶ ይቀይረዋል። ሕንፃው ከዘመናት በኋላ ቢፈርስ እንኳ እንጨቱ እንደገና ይሠራበታል።

የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ኒውተን፣ 300 ኪሎ ገደማ፣ እንዲሸከም ተሰልቷል። መዝገብ ቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋይል የሞላ የብረት መደርደሪያ የገባበት ክፍል በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ኒውተን ይሰላል። ያንን ፎቅ ላይ ብናወጣው የእንጨቱን መጠን እጥፍ ባደረግነው ነበር። መዝገብ ቤቱና መጋዘኑ ምድር ቤት፣ ድንጋዩ ላይ ወረዱ። ሰነዶቹም ከእሳት ይጠበቃሉ።

ለአግድም ግፊት፣ ማለትም ለንፋስና ለመንቀጥቀጥ፣ በሕንፃው ማዕዘኖችና በደረጃዎቹ አጠገብ ሰያፍ እንጨቶች ገብተዋል። በቋሚዎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ማገርና ጭቃ ነው። ጭቃውን የመረጥነው ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። እንጨት ብዙ ሙቀት አያከማችም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደሴ ውርጭ አለ፤ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው ብርዱ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። በጭድ የታሸ ወፍራም ጭቃ ቀን የገባውን የፀሐይ ሙቀት ይይዝና እስከ ጠዋት ያቆየዋል። ድምፅም ያፍናል። አፈሩ ከመሠረቱ ቁፋሮ የወጣው ራሱ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። "ለእንጨት ሕንፃ ደንብ የለም" ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አለ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስታንዳርድ አምስተኛው ክፍል ስለ እንጨት ነው፤ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ሒሳባችንን በሱ ሠርተን አቀረብን። የገመገሙት መሐንዲስ ብዙ ጠየቁ፣ በተለይ ስለ መገጣጠሚያዎቹ። ጥያቄዎቻቸው ሥራውን አሻሽለውታል።

እሳት

ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ላዩ ይከስላል። ከሰሉ ደግሞ ውስጡን ከሙቀት ይከላከላል። በአውሮፓው ስሌት በሙጫ ያልተጣበቀ፣ እንደ ጽድ ያለ ለስላሳ እንጨት በደቂቃ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ይከስላል። በግማሽ ሰዓት 24 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ቋሚዎቹን ለጭነቱ ከሚበቃው በላይ አወፈርናቸው፤ ዙሪያው ከስሎ የቀረው መሃል ሕንፃውን ይዞ ሰው እንዲወጣ። ደካማው ክፍል ብረቱ ነው። ያልተሸፈነ ብረት ከ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወዲያ ጉልበቱ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ የቡሎኖቹ ራስ ጠልቆ ገብቶ በእንጨት ተወትፏል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ በብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ሁለት መውጫ ደረጃ አለ፣ ሁለቱም በሕንፃው ጫፍና ጫፍ፣ ሁለቱም ድንጋይ። ከተማ ዳር ላይ የእሳት አደጋ መኪና ቶሎ እንደማይደርስ አስበን ነው የነደፍነው።

ትልቁን ስጋት ግን በስሌት አልፈታነውም። ወሎ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቢሮ የለም። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ይህን ከልክሎ የሚሆን ንድፍ የለም፤ መከልከልም አያስፈልግም። ምድር ቤት ላይ፣ የድንጋይ ወለልና የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ወደ ሸለቆው የሚያይ በረንዳ ለቡና ብቻ ተሠራ። ከሕንፃው ምርጡ ቦታ እሱ ነው። ቦታው ደስ ስለሚል ከሰል ይዞ ፎቅ የሚወጣ የለም። ቡናውን የሚያፈሉት እናት የመደርደሪያውን ቁመትና የምድጃውን ቦታ ራሳቸው ነገሩን።

ዝናብ

በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ የተደረደረ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የቆመው ትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አያገኘውም። ለኛ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላስፈለገንም። አግድም እንጨት ግድግዳን ያስራል፤ ዝናብ ያላገኘው እንጨት ደግሞ ዕድሜ አለው።

ለኛ ዋሻ የሚሆነን ጣሪያው ነው። ክፈፉ ከግድግዳው 1.20 ሜትር ወጥቷል። እንጨት ከመሬት በቅርብ የትም አይገኝም፤ ሙሉው ምድር ቤት ድንጋይ ነው። የቋሚዎቹ እግር ከድንጋዩ ላይ በብረት ጫማ ከፍ ብሏል፤ ውሃ ቢረጭ እንኳ ይንጠባጠባል እንጂ አይቋጠርም። አሸንዳው ውሃውን ወደ ታንከር ይወስዳል።

ሌላው የድምፁ ነገር ነው። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ሥር ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲወርድ፣ በረዶ ሲቀላቅል ደግሞ ይባስ፣ ስብሰባው ይቆማል። ከኮርኒሱ ጣውላ በላይ 5 ሳንቲ ያህል ጭድ የበዛበት ጭቃ አለበስን። በሱና በቆርቆሮው መሃል አየር የሚያልፍበት ባዶ ቦታ ተውን። አሁን በሐምሌ ዝናብ ስብሰባ ይካሄዳል።

ዳር መሆን

ሕንፃው ምንም ያህል አረንጓዴ ቢሆን፣ ሠራተኛው ሁሉ በየግሉ መኪና የሚመጣ ከሆነ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ማኅበሩ ዳር ላይ የሠራበት ምክንያት ግን አሳማኝ ነው። አባላቱ ገበሬዎች ናቸው። ከኩታበር በኩል ለሚመጣ ሰው ይህ ቦታ ከመሃል ከተማ ይቀርባል። ለከተማ ነዋሪው ሠራተኛ ደግሞ ባጃጅና ታክሲ በበሩ ያልፋል። ስለዚህ ለመኪና ማቆሚያ ያሰቡትን ሰፊ ቦታ ቀንሰን የባጃጅ መቆሚያና መጠለያ አደረግነው።

የመሬቱ ምርጫም ቀላል ክርክር አልነበረም። ከዚያው አጠገብ ለጥ ያለ የእርሻ መሬት ነበረ፤ ለግንባታ ይመቻል፣ ርካሽም ነበር። ማኅበሩ ያንን ትቶ ተዳፋቱን ያዘ። እኔ ይህን ውሳኔ ከሕንፃው ሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበትን ማሳ በልቶ የቆመ የእንጨት ሕንፃን ዘላቂ ብዬ መጥራት አልችልም። ፍሳሽ መስመር ስለሌለ ሴፕቲክ ታንክ ተሠራ፤ ከተዳፋቱ በታች፣ ውሃው መሠረቱን እንዳያረጥብ ራቅ ብሎ።

ክረምት ካለፈበት በኋላ

መጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አየነው። ቡሎኖቹ እንደጠበቅነው ጥቂት ላልተዋል፤ እንጨቱ የመጨረሻውን እርጥበት ሲለቅ ይህ ይሆናል። ሁሉም በቁልፍ ተጠበቁ። ጭቃውና ቋሚው በሚገናኙበት መስመር ቀጭን ስንጥቅ ታየ፤ በቀጭን ጭቃ ተሞላ። በምዕራብ በኩል ክፈፉ የማይሸፍነው ጣውላ ግራጫ ሆኗል፤ ጉዳት የለውም፣ የቀለም ጉዳይ ነው። ያልተፈታው የእግር ኮቴ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ሲራመድ ታችኛው ይሰማል። የስብሰባው ክፍል ወለል ላይ የቃጫ ምንጣፍ ተነጥፎ ቀንሷል፤ ጨርሶ አልጠፋም። ወደፊት ከወለሉ ጣውላ ሥር የአሸዋ ንጣፍ ከመጀመሪያው ማስላት ያስፈልጋል።

አሁን ማኅበሩ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ቢሮ ማሰብ ጀምሯል፤ "ያንኑ ንድፍ አምጡልን" አሉ። ያንኑ ማምጣት አይቻልም። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ትላለች፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ ሌላ ነው። ምስጡም እዚያ በጣም ይበረታል። ደሴ ላይ ብርድ የሚከላከለው ወፍራም ጭቃ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይዞ ያድራል። ስለዚህ የላይኛው ግድግዳ ቀጭን ጣውላና ንፋስ የሚያስገባ ይሆናል። ቦታው ሜዳ ስለሆነ ምድር ቤት አይኖርም። የእንጨቱ ወለል በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። በእያንዳንዱ ምሰሶ ራስ ላይ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ይገባል። ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሳይሠራ እንጨት ጋ አይደርስም፤ ላሜራው ያንን መንገድ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ሰው እንዲያየው። ለዚህም ነው ከወለሉ ሥር 60 ሳንቲ ክፍተት የተውነው፦ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ገብቶ እያንዳንዱን ምሰሶ ዞሮ እንዲያይ።